ዘመድ፣ አብሾና ‹‹የወጣ ፈተና››፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ስለ ቅጥር ፈተና የሚባለውና እውነታው

ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት በር የክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ ገና ተነቦ ሳያልቅ ወሬው ይነሣል። ‹‹ቦታው የተያዘ ነው፤ ለይስሙላ ነው የለጠፉት።›› ‹‹ፈተናው ወጥቷል አሉ።›› ‹‹ሴት ካልሆንክ አትልፋ።›› ‹‹አንተ መውጫ ፈተና ያለፍክ ሰው ምን ያስፈራሃል?›› ቡሬም ይኸው ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ጃቢ ጠህናንና ወደ ቋሪት ገጠር ለገባም ይኸው ነው፤ እዚያ ወሬው ቀናት ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አይቀርም።

ከእነዚህ አባባሎች ውስጥ ጨርሶ ሐሰት የሆነ አለ። ግማሹ እውነት ሆኖ ሰው የሚያወጣበት ድምዳሜ የሚያሳስት አለ። አንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። ሁሉም የሚሉት ነገር ግን አንድ ነው፦ ውጤቱ በተፈታኙ እጅ የለም። በዘመድ፣ በዕድል፣ በቅጠል ወይም ከቴሌግራም በተገዛ ወረቀት ተወስኗል። ይህን ያመነ ወጣት ለጥናት ያለችውን ጥቂት ሰዓት ለሌላ ያውላታል። ከእርሻና ከቤት ሥራ ተርፋ የተገኘች ሰዓት እንዲህ ስትባክን ማየት ያንገበግባል።

‹‹መውጫ ፈተና ያለፈ የቅጥር ፈተና አያቅተውም››

የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ሲሰጥ ከ100 ተፈታኞች ያለፉት 40 ያህሉ ነበሩ። ስለዚህ ያለፈ ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም። ችግሩ ሁለቱ ፈተናዎች የሚሠሩት ሥራ የተለያየ መሆኑ ነው። መውጫ ፈተና የማለፊያ መስመር አለው፤ 50 ያመጣ ሁሉ ያልፋል፣ ሺ ሰው ቢያልፍ ሺውም ምሩቅ ነው። የቅጥር ፈተና ግን ሰውን በተራ የሚያሰልፍ ነው። ‹‹ብዛት 1›› ለሚል መደብ መቶ ሰው ተፈትኖ ዘጠናው ከ50 በላይ ቢያመጣም የሚቀጠረው አንዱ ነው። 80 ያመጣው 81 ባመጣው ይቀደማል። እንግዲህ ‹‹ማለፌ አይቀርም›› ብሎ መዘጋጀትና ‹‹ከሁሉ ልቅደም›› ብሎ መዘጋጀት ለየቅል ናቸው።

የሚጠናውም ይለያል። ብዙ ወጣት ማስታወቂያ እንዳየ የአራት ዓመት ሃንዳውቱን ከሳጥን አውጥቶ ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። ምዝገባው ተከታታይ 10 የሥራ ቀን ወይም ከዚያ በታች ሆኖ፣ ፈተናው ብዙም ሳይቆይ ይጠራል፤ ሃንዳውቱ ግን ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ የመደቡ መጠሪያ፣ ደረጃውና ተፈላጊ ችሎታው ተጽፏል፤ ጥናቱ መነሣት ያለበት ከዚያ ነው። ለመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ መደብ የሚወዳደር የአካውንቲንግ ምሩቅ ኮሌጅ ውስጥ ያጠናው በአብዛኛው የንግድ ድርጅት ሒሳብ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ በጀት፣ የሒሳብ መደብ፣ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው። ለንብረት ሠራተኛነት የቀረበ ሰው ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚደረግ ካላወቀ በጥሩ ነጥብ መመረቁ ብዙ አያግዘውም። የመሥሪያ ቤቱን ማቋቋሚያ አዋጅ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ሕጉን፣ የሕገ መንግሥቱን ዋና ዋና አንቀጾች ማንበብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። የኮምፒውተር ፈተና ካለ ደግሞ የሚፈተነው እጅ ነው። በሰው ኮምፒውተር ላይ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሠንጠረዥ መሥራትና ደብዳቤ መጻፍ፣ ስለ ኮምፒውተር አንድ መጽሐፍ ከማንበብ ይበልጣል።

ስለ ልምድ የሚባለውንም እዚሁ ላንሣ። ‹‹ልምድ ያለው ፈተና አያስፈልገውም›› ይባላል። በ2016 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና ኃላፊዎቹን በፈተና ሲመዝን፣ ለዓመታት ወንበር ላይ የቆዩ ብዙዎች የማለፊያውን ነጥብ አላገኙም። በሌላ በኩል ‹‹የግል ድርጅት ልምድ አይያዝም›› የሚለው በአብዛኛው ስሕተት ነው። ማስታወቂያዎች የሚጠይቁት የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ነው። ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ ፋብሪካ የሠራ ሰው ይህን ደብዳቤ ሥራውን ሲለቅ መያዝ አለበት፤ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ መሯሯጥ የምዝገባውን ቀን ይበላል።

‹‹ያለ ዘመድ ሥራ የለም››

እዚህ ላይ ማስመሰል አይገባም። በዝምድና፣ በትውውቅና በገንዘብ የሚቀጠር አለ። የሐሰት የትምህርት ማስረጃ ይዞ ለዓመታት ደመወዝ ሲበላ የኖረ ሰው እንዳለም በየጊዜው የተካሄደው የማስረጃ ማጣራት አሳይቷል። ወላጅ ‹‹ልጄ፣ የሚያውቁህ ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው›› ሲል ያየውን ነው የሚናገረው። ስሕተቱ ያለው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ‹‹ስለዚህ ማጥናት ከንቱ ነው›› በሚለው ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ ፈተና ከ100 የሚታሰብ ሆኖ የጽሑፉ 70፣ የቃሉ 30 ነው እንበል። አድልዎ በቀላሉ የሚገባው በቃሉ በኩል ነው፤ ጽሑፉ መልስ ያለው ወረቀት ስለሆነ ለማጣመም ይከብዳል። ሁለት ተወዳዳሪዎች በጽሑፍ 50 እና 48 ቢያመጡ፣ ጠያቂዎቹ ለፈለጉት ሰው ሦስት ነጥብ ጨምረው ነገሩን ይገለብጡታል፤ ማንም አያውቅባቸውም። አንዱ 56፣ ሌላው 42 ካመጣ ግን 14 ነጥብ ለመመለስ ለአንዱ 28፣ ለሌላው 13 መስጠት ሊኖርባቸው ነው። ይህ በወረቀት የሚታይ፣ ለምን ተብሎ የሚጠየቅበት ልዩነት ነው። ዘመድ የሌለው ሰው መከላከያው የጽሑፍ ውጤቱ ስፋት ነው። ዘመድ የሌለው ሰው የማያጠና ከሆነ፣ ያለችውን አንድ መከላከያ በገዛ እጁ ጣለ ማለት ነው።

መንግሥት ሠራተኛውን በችሎታ ይምረጥ የሚለው ሐሳብ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። ቻይና ሹማምንቷን በፈተና መምረጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ600ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን እስከ 1905 ዘልቃበታለች። እኛም ዘንድ በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ቅጥርና ዕድገት በየሚኒስቴሩ ፈቃድ ከመሆን ወጥቶ አንድ ሥርዓት እንዲይዝ ነበር። ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ ተጥሷል፤ ሆኖም ክፍት ቦታ በማስታወቂያ መውጣቱ፣ ተወዳዳሪ ውጤቱን ማወቁ፣ ቅሬታ ማቅረቡ ዛሬም በሕግ ያለ መብት ነው። ቅሬታ በጽሑፍ ይቀርባል፤ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ካልተፈታ በየደረጃው ላለው የሲቪል ሰርቪስ ተቋም። በር ላይ ቆሞ መናገር ቅሬታ ተብሎ አይመዘገብም። ከቅሬታው ላይ ቀንና ፊርማ ይኑር፣ ቅጂው ከእጅ አይጥፋ።

‹‹ፈተናው ወጥቷል››

ይህ ወሬ ከባዶ አልተነሣም። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጭቶ ተሰርዟል፣ ከዚያም በድጋሚ ተሰጥቷል። በኋላም ስርቆቱና መኮራረጁ ስላልቆመ የ2014 ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሆነ። ከ100 ተማሪ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር አገር አስደንግጧል። በኩረጃ መተማመን ምን ያህል ትውልድ ባዶ እጁን እንዳስቀረም አጋልጧል።

የቅጥር ፈተና ግን እንደ 12ኛ ክፍል በመቶ ሺዎች ተባዝቶ በመላ አገሪቱ የሚጓዝ ወረቀት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ወይም በውል የተሰጠው ዩኒቨርሲቲ ያወጣዋል፤ የሚያውቁት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በቴሌግራም ‹‹የነገው ፈተና ከነመልሱ›› እያለ ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው ማን እንደሚፈተን እንኳ አያውቅም። አንድ ዓይነት ወረቀት ለባንክ፣ ለገቢዎች፣ ለወረዳ መደብ ስም እየቀያየረ ይሸጣል። ከገንዘቡ ይልቅ የከፋው ጉዳት፣ ገዢው የፈተናውን ዋዜማ የማይመጣ ጥያቄ መልስ ሲሸመድድ ማደሩ ነው።

የቀድሞ ፈተና መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ፈተናው አይደገምም፤ የጥያቄው አካሄድ ግን ይለመዳል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ያሮጌ ጥያቄ ፎቶ ኮፒ በእጁ የነበረው ሰው ከሌላው የተሻለ ዕድል ነበረው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ከጓደኛ የሚደብቅ ሰው አለ። ለአንድ ቦታ ለሚወዳደሩ ሁለት ሰዎች ምክንያቱ ይገባኛል። ይሁንና ከመቶ ተወዳዳሪ መካከል ሁለቱ አብረው ቢሠሩበት ሁለቱም ከሌላው ዘጠና ስምንት ሰው ይቀድማሉ።

‹‹አብሾ የጠጣ አይረሳም››

በጎጃም ቅኔ ቤቶች አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። አብሾ የጠጣ ተማሪ አንድ ጊዜ የሰማው አይጠፋውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ቅኔ ይዘርፋል ይባላል። ዛሬ ወሬው ከቅኔ ቤት ወጥቶ ፈተና ወዳለበት ሁሉ ሄዷል። ‹‹ለትምህርት የሚሆን›› እየተባለ በሹክሹክታ ይነገራል።

አብሾ ተብሎ በሚጠጣው ውስጥ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ተክል አስተናግር ነው፤ አጠፋሪስም ይሉታል። በየጓሮው፣ በየመንገዱ ዳር፣ ቆሻሻ በተጣለበት ሁሉ ይበቅላል። አበባው እንደ ጡሩምባ የረዘመ፣ ፍሬው እሾኻም ነው። በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮሲያሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክላሉ። አእምሮ አዲስ ነገር ለመያዝ ከሚያስፈልጉት ዋነኞቹ አንዱ ደግሞ ይኸው አሴቲልኮሊን ነው። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ለሙከራ ሲሉ የሰውን ትውስታ ለጊዜው ማዳከም ሲፈልጉ የሚሰጡት መድኃኒት ስኮፖላሚን ነው። የማይረሳ ያደርጋል የተባለው ተክል የያዘው፣ ለማስረሳት የሚሰጠውን ነገር ነው።

የጠጣ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ብርሃን ይወጋዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል። ያን ልፈፋ ነው አካባቢው ‹‹ተገለጠለት›› የሚለው። መጠኑ ከበዛ ራስ ያስታል፣ ይገድላል። የመርዙ ብዛት ከተክል ተክል፣ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ ‹‹ልኩን አውቃለሁ›› የሚል ሰው ቃሉ አይታመንም።

እምነቱ ይህን ያህል የኖረው ለምንድን ነው? የጠጣና ሊቅ የሆነ አንድ ሰው ታሪኩ ለሰባት ትውልድ ይነገራል። የጠጣና አእምሮው የተናጋ ግን ‹‹አብሾ ሰክሮበት ነው›› ተብሎ፣ ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የእሱ ሆኖ ይቀራል። ሊቁም ሊቅ የሆነው በዓመታት ልፋት ነው፤ ኮቸሮ ለምኖ፣ በጎጆ አድሮ፣ ቀንና ሌሊት ሲያንበለብል ኖሮ። ያን ልፋት ለቅጠል መስጠት ሊቁን መበደል ነው። በአጋጣሚ የወሰደ ሰው ካለ ውሃ በማፍሰስ ወይም በመጠበቅ ጊዜ አይጥፋ፤ የተክሉን ቅጠል ይዞ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ስለ ጫት ብዙ አልልም። ጫት ያነቃል፤ ያጠና የመሰለ ስሜት ይሰጣል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ የነገውን ቀን ይበላል። ቡና ወዳጃችን ነው፤ ነገር ግን ከጠጡት ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ከሰውነት አልወጣም። የማታዋ ሦስተኛ ስኒ እንቅልፍ ላይ ትቆማለች።

‹‹ሌሊት ያነበበ፣ ደጋግሞ ያነበበ ያልፋል››

እንቅልፍ የሰነፍ ነው የሚለው እምነት ገጠርም ከተማም ሥር ሰድዷል። የቀኑ ትምህርት አእምሮ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ሰው ያነበበውን የሚያስቀምጥበትን ሰዓት ነው የሸጠው። መብራት በሌለበት ቤት በኩራዝ ጭስ ዓይን እያነደዱ እስከ ሌሊት ሰባት ሰዓት ከመቆየት፣ በጊዜ ተኝቶ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በቀን ብርሃን ማንበብ ለዓይንም ለአእምሮም ይሻላል።

ከዚህ የሚከፋው ግን ደጋግሞ ማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ አነበበ፤ ሌላው ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግሞ ያነበበው ከጽሑፉ 42 በመቶውን ሲያስታውስ፣ ሳያይ የጻፈው 56 በመቶውን አስታወሰ። ደግሞ ማንበብ የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ ወዲያው ሲያዩት የሚያውቁት ይመስላል።

ይህን ጎጃም ከአሜሪካ መማር አላስፈለገውም። የቅኔ ተማሪ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ከዚያ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል። ወረቀት የለም። የተሳሳተው እዚያው ይታረማል፣ ነገ ደግሞ አዲስ ይነግራል። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስተምራል። የዘመኑ ተፈታኝም ሃንዳውቱን ዘግቶ ያነበበውን በቃሉ ለራሱ ቢናገር፣ ባዶ ወረቀት ላይ ቢጽፍ፣ ለታናሽ ወንድሙ ቢያስረዳ፣ ከሦስት ቀንና ከሳምንት በኋላ ደግሞ ራሱን ቢጠይቅ፣ አያቶቹ የሚያውቁትን ነው የሚያደርገው። ማሳ ሲጠብቅ፣ ከብት ሲያግድ፣ ከመንደሩ ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ በእግር ሲመጣም ይህ ጥናት ይሠራል። መጽሐፍ መግለጥ አይጠይቅምና።

ሰዓት የለኝም የሚለውም መመርመር አለበት። ገጠር ውስጥ በአጨዳና በውቂያ ወቅት ጉልበት ሁሉ ለእህል ነው፤ ያኔ ‹‹አጥና›› ማለት ጭካኔ ነው። ሆኖም በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ በየሳምንቱም በሰንበት በሬ አይጠመድም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለው ጊዜ ሲደመር ቀላል አይደለም። የጥናቱ መርሐ ግብር ከከተማ ልጅ ተገልብጦ ‹‹በየቀኑ አራት ሰዓት›› ከሚል፣ በእነዚህ ቀኖች ላይ ቢሠራ ይጸናል።

‹‹መልሱ ከጠፋህ ሐ በል››

አራት ምርጫ ካለው 20 ጥያቄ ሁሉንም በግምት የሞላ ሰው በአማካይ 5 ያገኛል፤ ሐ ብሎም ሀ ብሎም። ግማሹን ሊያገኝ የሚችለው ከ1,000 ሰው 14 ያህሉ ነው። መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ ላይ መጀመሪያ የማይሆኑትን መሰረዝ ነው። ስሕተት ነጥብ የማያስቀንስ መሆኑን መመሪያው ላይ አንብቦ ካረጋገጡ በኋላ ባዶ አለመተው። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

‹‹ሴት ከሆነች ሳትፈተን ትገባለች››

ይህን የሚናገሩ ወንዶች ሕጉን አላነበቡም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ቅድሚያ የሰጠው እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላላቸው ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች ተወላጆች ነው። ሁሉም ይፈተናል። ተቀራራቢ ውጤት ያላመጣች ሴት በሴትነቷ አትቀጠርም።

የማይነገረው ደግሞ ይህ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ወንድምና እህት ሁለቱም ተመርቀው ቢቀመጡ፣ ወንድም ‹‹እያጠና ነው፣ አትረብሹት›› ይባላል። እህት ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፤ መጽሐፉን የምትገልጠው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እንዲህ ሆና ከወንድሟ ጋር ተቀራራቢ ነጥብ ያመጣች ልጅ በእውነቱ በልጣዋለች። አባትና እናት ሊረዷት ከፈለጉ የሚቸግራቸው ነገር የለም፤ ፈተናው እስኪያልፍ ወንድሟ ጀሪካኑን ይያዝ።

‹‹ውጤት ከተለጠፈ አልቋል››

ብዙ ጊዜ አላለቀም። መሥሪያ ቤቶች ከአላፊው ቀጥሎ ተጠባባቂ ይይዛሉ። አንደኛ የወጣው ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሊቀር ይችላል፤ ማስረጃው ሲጣራ ሊወድቅ ይችላል፤ መንገድ ተዘግቶበት በተባለው ቀን ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ይጠራል። የሚጠራው ግን በስልክ ነው፤ በገጠር ቀበሌ ኔትወርክ ለቀናት ይጠፋል፣ ባትሪ ይዘጋል። ሲመዘገቡ ከራስ ቁጥር ሌላ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከተማ ውስጥ ያለ፣ ስልኩ የማይዘጋ ሰው ቁጥር ማስመዝገብ፣ ለዚያም ሰው መሥሪያ ቤቱንና መደቡን በወረቀት ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል። ሲደውሉለት ‹‹ማንን ነው?›› ብሎ እንዳይዘጋው።